የመሪዋ ቃጭል

ተረት አለኝ፤ «አሰማን» በሉኝ።

አንዲት አህያ ከደረቀ ወንዝ ዳር ተወልዳ አደገች። እናቷ አሸዋውን በኮቴዋ እየጫረች ውሃ ስታጠጣት፣ «ልጄ፣ እንደ እኩዮችሽ ምንጭ ዳር ሳላሳድግሽ ቀረሁ» እያለች ታዝን ነበር።

ልጅቱም አድጋ ከነጋዴ አጋሰሶች ጋር ጭነት ገባች። መሪያቸው ምንጭ ዳር ያደገች፣ የመሪነት ቃጭል በአንገቷ ያሰረች ኩሩ በቅሎ ነበረች። አንድ ዓመት ድርቅ ሆነና ሁልጊዜ ከሚጠጡበት ወንዝ ሲደርሱ አሸዋ ብቻ ጠበቃቸው።

«አለቅን! ውሃው የለም» አለች በቅሎዋ።

«አለ፤ እታች ነው» አለች አህያዋ፣ አሸዋውን አሽትታ። በኮቴዋ ጫረች፣ ጫረች፤ ጉድጓዱ ጉልበቷ ድረስ ሲደርስ ውሃው ፈለቀ። ሁሉም ጠጡ።

በቅሎዋ ጠጥታ ስትረካ ቃጭሏን አውልቃ፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ አንቺ ምሪን። ለመሆኑ ይህን ሙያ ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

አህያዋ ቃጭሉን ይዛ በቀጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። ከአሮጊቷ አንገት ላይ አጠለቀችላትና፣ «እማዬ፣ ይህ የአንቺ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

እናት እንደ ልማዷ፣ «ልጄ፣ ምንጭ ዳር ሳላሳድግሽ...» ብላ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ቃጭሉ ተንቃጨለና ድምጿን ዋጠው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በውሃ አርሱ።