የሽቱ ቀማሚው አፍንጫ

አንድ ሽቱ ቀማሚ ነበረ። የሽመቤት፣ ጥያቄሽን መሸሼ አይደለም። «አባባ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍቅር ያልቃል ወይ? ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እቤታችን ውስጥ ምንም አይሰማኝም፤ ልኑር ወይስ ልተወው?» ብለሽኛል። ያጋባኋችሁ ሽማግሌ እኔ ነኝና መልሱም ከእኔ ይጠበቃል። ጃንጥላሽን ግድግዳው ላይ አስደግፊና ቁጭ በይ።

ይህ ሰው የሚሠራው ሽቱ ቀለሙ የተነጠረ ማር ይመስላል፤ ሲቀቡት ደግሞ ሙቀቱ ደረት ውስጥ ይገባል። በአገሩ ያለ እሱ ሽቱ የምትዳር ሙሽራ አልነበረችም። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነበር። ሚስቱ ሉባንጃውንና ከርቤውን ትለቅማለች፣ ቅርንፉዱንና ሰንደሉን ትወቅጣለች፣ አደሱን በጥላ ታደርቃለች። እሱ ሁሉንም በሰሊጥ ዘይት ይለውስና በመጨረሻ ከቀንድ ውስጥ ዝባድ አውጥቶ በስንጥር ጫፍ ይጨምርበታል። ዝባድ ጥሪኝ ከሚባለው አውሬ የሚገኝ ቅባት ነው፤ ብቻውን ሲሆን ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሸዋል። በስንጥር ጫፍ ሲገባ ግን ሌላውን ሁሉ ያሞቀዋል፣ ሽታውንም ይዞ ያቆየዋል። ከዚያ ማሰሮው ታሽጎ አርባ ቀን ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል።

አንድ ዓመት አንድ ባለጸጋ ለአንድ ልጁ ሠርግ ሁለት ማሰሮ ሽቱ አዘዘ። አርባው ቀን ሲሞላ ቀማሚው አንዱን ማሰሮ ከፍቶ አሸተተ። ምንም የለም። በማግስቱ ደገመው፤ አሁንም ምንም የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በሽቱው መሃል ሲበላና ሲተኛ የኖረ ሰው መሆኑ ትዝ አላለውም።

ሚስቱን ጠርቶ «ሉባንጃውን አሳንሰሻል» አላት።

«እንደ ወትሮው ነው ያደረግኩት» አለችው።

አላመናትም። ቀንዱን አወረደና በስንጥር ጫፍ የሚገባውን ዝባድ በማንኪያ ዛቀበት። ማሰሮው ባለጸጋው ቤት ሲከፈት ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፣ ሙሽራዪቱም አለቀሰች። ማሰሮው በመጣበት እግር ተመለሰ። ሠርጉ ሊደርስ የቀረው ስምንት ቀን ነበር። ቀማሚው ያን ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብ ሲገባው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ! እጅሽ ሰንፏል» ብሎ ጮኸባት። እሷ እጇን ጠራረገች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ አባቷ ቤት ገባች።

ያለ እሷ ቤቱ ጭር ሲልበት ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ተከተላት። በአገሩ ልማድ ግን ሚስቱን ያስቀየመ ባል እንደ ደረሰ አይታረቅም፤ አማቱ የፈለገውን ያህል ደጅ ያስጠናዋል። ይሄኛው አማት ከብት አርቢ ነበር፣ ቁጣውም ቶሎ አይበርድለትም። ሽማግሌዎቹን እልፍኝ አስገብቶ ጋበዛቸው፤ አማቹን በረት አሳየው። ያ የሽቱ ጌታ ሦስት ቀን ከላሞች ጋር ዋለ፣ ከላሞች ጋር አደረ።

በአራተኛው ቀን «ግባ» አሉት። ልቡ አልተመለሰም ነበርና ስለ ሉባንጃው የሚያቀርበውን ክስ አዘጋጅቶ ገብቶ ተቀመጠ። አፉን ሊከፍት ሲል የውስጠኛው በር ተከፈተ። ሚስቱ ብቅ ሳትል ሽታ መጣ። መጀመሪያ ሰንደሉ፣ ቀጥሎ አደሱ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሉባንጃው፣ እንደ ሙቅ ጋቢ የሚያለብስ። ሰውየው ሳያስበው ብድግ አለ።

«ይህን ሽቱ የቀመመው ማነው?» አለ።

«ነጠላዬ ነው» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ። «ካንተ ቤት በቀር የት ኖሬ አውቃለሁ?»

ተንበርክኮ የነጠላዋን ጫፍ ፊቱ ላይ አደረገ። «ሉባንጃው አልጎደለም» አለ። «ሥራ ያቆመው የእኔ አፍንጫ ነው። ይቅር በይኝ።» ሰው ፊት በማልቀሱም አላፈረም። አማቱም፣ ያ ቁጡ ሰውዬ፣ ከብቶቼን ልይ ብሎ ወጣ።

አብረው ተመለሱ። የተረፈውን ማሰሮ ሁለቱም በደንብ ሸተታቸው፣ አንድ ስንጥር ዝባድም አልጨመሩበትም፤ ሙሽራዪቱ በእሱ አምራ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቀማሚው ማሰሮ ከመክፈቱ በፊት ሦስት ቀን አማቱ በረት ሄዶ ይቀመጥ ነበር። አማቱ እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር ሳቀበት።

እና ልጄ፣ ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ያለቀ መስሎሽ ወይ ማሰሮውን ልትደፊው ነው፣ ወይ በየቀኑ በጭቅጭቅ ዝባድ ልትጨምሪበት ነው። ሁለቱም ይቅርብሽ። እህትሽ ዘንድ ሄደሽ አንድ ሳምንት ቆዪ። ስትመለሺ ወዲያው አትግቢ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቁሚ። ምንም ካልሸተተሽ ወደ እኔ ነይ፤ ያጋባሁ እኔው አፋታችኋለሁ።

የምትመጪ ግን አይመስለኝም። አንቺ ውስጥ ነሽ፣ እኔ ከውጭ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ለምን ያዝሽ ብልሽ «እሱ ነው፤ ካልያዝሽ አትወጪም ብሎ ነዘነዘኝ» ብለሽ ተማረርሽ። እጀታው ተሰብሮ ኖሮ በሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሽቦው እጅሽን እንዳይወጋሽም ጨርቅ ለብሷል። አንቺም ከተቀመጥሽ ወዲህ ሁለቴ «ምሳውን በልቶ ይሆን?» ብለሻል። ተነሺ በይ፣ ጃንጥላሽን ያዢ። እኔን ገና ከደጄ ስትደርሺ ሽቱው ሸቶኛል።