የፕሮፌሰሩ ማደንዘዣ

ጠጅ በማሳለፍ የምትተዳደር አንዲት ምላሰኛ ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ያስለቀሳትን መንጋጋ ልታስነቅል ሐኪም ቤት ሄደች። ፕሮፌሰር ወርቅአገኘሁ የሠሩትን አዲስ ማደንዘዣ በበሽተኛ ላይ ሊሞክሩ፣ በእንግዶች ተከበው ቆመዋል። ገና መርፌውን ሳይወጓት ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረቡላት።

«አውራ ጣትሽን አትሚበት! ‹ጥርሴ ሲነቀል ምንም አላመመኝም› ይላል።»

«ጌታዬ፣ መቼ ተነቀለና?»

«የእኔ መድኃኒት ነዋ! ካላመንሽኝ በሩ ያውልሽ!» አሉና ከእንግዶቹ ጋር ተሳሳቁ።

ሴትዮዋ ጉንጯን እንደደገፈች ከወንበሩ ተነሣች።

«ማመኑንስ አምናለሁ። ግን በእኛ ሙያ አሳላፊው አስቀድሞ ካልቀመሰ እንግዳ አይጠጣም። እስቲ ይቀመጡና ማደንዘዣውን ይቅመሱት፤ ጉጠቱን እኔ እይዛለሁ። እንዲህ እየሳቁ ከተነቀለልዎ፣ በአሥሩም ጣቴ እፈርማለሁ!»