ሁለት ተራ ውኃ

አዜብ የምትባል የፋርማሲ ተማሪዬ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ በሽተኛው አንዱን ሰዓት ቢረሳና በሚቀጥለው ሁለቱን ኪኒን አንድ ላይ ቢውጥ ምን አለበት? ያው የራሱ ድርሻ አይደለም እንዴ?»

ይህን ነገርኳት።

አንድ የበርበሬ ችግኝ የሚያፈላ ሰው ነበረ። የዓመት ተስፋው አንዲት መደብ ናት። በአገሩ የመስኖ ውኃ የሚለቀቀው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያዙት የውኃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ለሰውየው በየሦስት ቀኑ ይደርሰዋል።

አንድ ቀን ቀብር ውሎ ሲመለስ ተራው አልፏል። ችግኙ ጠወለገ። ቀጣዩ ተራ ሲደርስ ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ ያለፈውንም ይጨምሩልኝ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም? የእኔን ለሌላ ሰጡብኝ እኮ!»

አንድ ጎረቤት ዶማውን ተደግፎ ሳቀ። «ይስጡት እንጂ አባቴ፤ አለዚያ ቦዩ ውስጥ ይተኛብናል።»

ሽማግሌው ክርክሩ ሰለቻቸውና ሁለት ተራ ለቀቁለት።

መደቡ ከግርጌው መዳፍ የምታህል ማፋሰሻ ነበረችው። የአንድ ተራ ትርፍ በእሷ ወጥቶ ያልቃል። አሁን ውኃው እጥፍ ሲሆን እሷ እጥፍ አልሰፋችም። ያንኑ ያህል አወጣች፤ የቀረው መደቡ ላይ ተኛ። ሰውየው «ጠገበልኝ» ብሎ ደስ ብሎት ገባ። በሦስተኛው ቀን ሥሩ በስብሶ፣ ችግኙ ሲነካው እየተነቀለ እጁ ላይ ቀረ። ከዳር ከነበሩት ጥቂቶች በቀር አልተረፈለትም።

አዜብ፣ ማፋሰሻዋ ጉበት ናት። እዚያ መድኃኒትን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ሁሉም ሥራ ከያዙ በኋላ የመጣው መድኃኒት ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በጨቅላ ሕፃን ላይ ማፋሰሻዋ ይበልጥ ጠባብ ናት። ስለዚህ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ፣ የረሳ ሰው የዚያን ሰዓት ብቻ ይውሰድ።

ሰውየው ግን አላጠፋም። ችግኙን ስለሚወድ ነው ያሰጠመው። የውኃ አባት ማፋሰሻዋን ያውቋት ነበር። «አይሆንም» አሉት እንጂ ለምን እንደማይሆን አልነገሩትም። ነገ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ኋላ ስትቆሚ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች። እቸኩላለሁ ትልሻለች። ትቆጣሽ። ሽሮፑን ከእጅሽ ሳትለቂ፣ የተረሳውን ደርባ መስጠት የሌለባት ለምን እንደሆነ ንገሪያት።