ማር ለብሶ የመጣው አማች

ነገር ከርሮ መላ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። የሚጠቅሳት ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን የለም። መንዞች እንዲህ ያወጓታል።

በይፋት ቆላ ይፍሩ የሚባል ጎልማሳ ነበር። ጥጥ አምራች፣ መልከ መልካም፣ ለልብስ ሟች። አንድ የገበያ ቀን የሺመቤት የምትባል የመንዝ ልጅ ከአባቷ ጋር ገብስ ልትሸጥ ወርዳ አያትና ልቡ ተከትሏት ወጣ። እሱ ራሱ ደጋ ረግጦ አያውቅም። ቢሆንም አጎቱን አቶ ጥላዬን ሽማግሌ አድርጎ፣ ለአማቶቹ አንድ ገንቦ ማር በበቅሎ ጭኖ፣ ስስ ኩታውን ደርቦ መንገድ ጀመረ።

ዳገቱ አልቆ ሜዳው ላይ ሲወጡ የመንዝ ነፋስ ተቀበላቸው። ኩታው እንደ ወንፊት ያሳልፈው ጀመር። ደጋው ገበያ ሲደርሱ የይፍሩ ከንፈር አመድ መስሏል።

«በል ባና ግዛ» አሉት አጎቱ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ጥቁር ብርድ ልብስ የዘረጉትን ሸማኔዎች እያሳዩት።

«ምነው ጋሼ! በግ በግ እየሸተትኩ ልጅ ልለምን?»

ወዲያ ማዶ አንድ መንገደኛ ነጋዴ ቁልፉ የሚያብለጨልጭ ካፖርት ሰቅሏል።

«የባሕር ማዶ ነው፤ በረዶ ላይ ይተኙበታል» አለ፣ ዓይኑን ገንቦው ላይ ጥሎ።

አጎቱ «ኧረ ልጄ፣ ባዶ እጃችንን ልንገባ ነው?» ብለው ሳይጨርሱ ማሩ ወርዶ ካፖርቱ ተለብሶ ነበር። ይፍሩ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደረቱን ነፋ። በቅሎዋ እንኳ ዞራ ያየችው መሰለው።

ብዙም ሳይሄዱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። የካፖርቱ ገበር ውስጥ የታጨቀው ቁርጥራጭ ጨርቅ ኖሯል፤ ውኃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። ይፍሩ ሊያወልቀው ቢል ጣቶቹ ደንዝዘው ቁልፉን መፍታት አቃታቸው።

የልጅቱ አባት አቶ ኃይለየስ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ይፍሩ እጅ ሊነሣ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ።

«ይበቃል የኔ ልጅ፣ ቀና በል!» አሉ አቶ ኃይለየስ በትሕትናው ልባቸው ተነክቶ።

«አ... አ... አልቻልኩም!»

ለሁለት አንሥተው አስገቡት። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አስካለ ቁልፎቹን በቢላ በጥሰው ካፖርቱን ገፈፉትና ባላቸው ትከሻ ላይ የነበረውን ባና አውርደው ጠቀለሉት። ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የሺመቤት ነበረች። ይፍሩ «አለቀልኝ» አለ በልቡ።

ግን ሙቀቱ ከትከሻው ተነሥቶ እስከ እግሩ ጣት ወረደ። ባናው በግ በግ ይሸታል፤ እሱ ግን እስከ አፍንጫው ሳበው።

«እህሳ፣ በደኅና ነው የመጣችሁት?» አሉ አቶ ኃይለየስ። አጎቱ በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ። ይኼኔ ይፍሩ ምላሱ ተፈታ።

«አባቴ፣ ልጅዎን ልለምን ነው የመጣሁት። አንድ ገንቦ ማርም ይዤላችሁ ነበር» አለና በሩ ሥር ውኃ የሚያንጠባጥበውን ካፖርት አመለከተ። «ለብሼው መጣሁ!»

አቶ ኃይለየስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ወይዘሮ አስካለ ተከተሉ፤ የሺመቤትማ ጓዳውን ረስታ ብቅ አለች።

«ሌላ ሰው ቢሆን ሽፍታ ቀማኝ ይለን ነበር» አሉ አባት እንባቸውን እየጠረጉ። «እውነቱን ለሚናገር ልጄን አልነፍግም፤ እሷም ይኸው ጥርሷን መክደን አቅቷታል።»

አጎቱ በደስታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ ይፍሩን ዳሰስ አድርገው «ያን ሁሉ ቁልፍ ያሸነፈ ብርድ፣ ይህችን ጥቁር ጨርቅ እንዴት አልደፈራት?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ኃይለየስ የባናውን ጫፍ በእጃቸው አሻሹና እየሳቁ መለሱ፦ «ብርዱም የእኛ፣ በጉም የእኛ፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ!»