በሞተሩ ክዳን ላይ የሚጻፈው ስም

ቀኛዝማች ወንድይራድ ለልጃቸው ሰርግ ብለው የአባታቸውን አሮጌ መኪና አሳደሱ። ቀለሙ አማረ፣ ወንበሩም አዲስ ቆዳ ለበሰ። ሞተሩ ግን ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ልማዱን አልተወም። የቀረው ሥራ ከኮፈኑ ሥር ባለው የሞተሩ ክዳን ላይ የደበዘዘውን የፋብሪካውን ስም መልሶ መጻፍ ብቻ ነበርና አንድ ፊደል ጻፊ ተጠራ። ሰውየው የፊደሉን ቅርጽ በስስ ወረቀት ገልብጦ ቀለሙን መበጥበጥ ጀመረ።

ቀኛዝማች መጥተው ከጀርባው ቆሙ። "የማንን ስም ነው የምትጽፈው?"

"የፋብሪካውን ነው፣ ጌታዬ።"

"መኪናው የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያው የእኔን ስም ጻፍ። በዚያው አጣጣል፣ በዚያው ቀለም፣ ፋብሪካው ራሱ የጻፈው አስመስለህ። እምቢ ካልክ በዚህ ከተማ ሁለተኛ ብሩሽ አትይዝም።"

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ፊደል ጻፊውን ያየው ጀመር። እሱ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።

"እጽፋለሁ፣ ጌታዬ። ፋብሪካውም ስሙን እዚህ ያኖረው ሞተሩ ሲቆም ማን እንደሚሰደብ እንዲታወቅ ነው። እሁድ በሰርጉ መኪናው ሙሽራዋን እንደያዘ ዳገቱ ላይ ሲቆም፣ ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ የሚረግመውን ስም አያጣም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ለሾፌሩ ብቻ እንዲታይ ላሳንሰው፣ ወይስ ከኋላ የሚከተሉት አማቾችዎም እንዲያነቡት ላግዝፈው?"