የመፍቻው ቦታ

እስቲ ቀረብ በሉ፣ የስፌት ፋብሪካ ጉድ ላውጋችሁ። አንጓች የምትባል ኮሌታ ሰፊ ነበረች። የምትፈልገው አንዲት ነገር ናት፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ሰርቪስ ተሳፍራ ልጇን ሳይተኛ ማጥባት። ልጁ ጡጦ አልይዝ ብሎ፣ ጎረቤት ስታባብለው ውላ፣ አልቅሶ ባዶ ሆዱን ይተኛል። የዕለቱ ሸሚዝ ካላለቀ ደግሞ መውጣት የለም። ሦስት ቀን ሰርቪሱ ጥሏት ሄደ።

በአራተኛው ቀንም የተተኮሰ ኮሌታ አልመጣላትም። ድሮ ቢሆን ማነው ያዘገየኝ ብላ ትቀውጠው ነበር። ግን ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሊያስተምር የመጣው ሰውዬ «ማነው» ማለቱን ትታችሁ «ለምን» በሉ ብሏቸዋልና፣ ተነሥታ ወደ ካውያ ተኳሿ ወደ ውባለም ሄደች። ለምን ቆመ? ካውያው ቀዝቅዞ።

ካውያ ኮሌታ አልተኩስ አለ፣ ሸሚዝ አንጓችን አልለቅ አለ።

ካውያው ለምን ቀዘቀዘ? እንፋሎት ጠፍቶ። እንፋሎት ካውያ አላሞቅ አለ፣ ካውያ ኮሌታ አልተኩስ አለ፣ ሸሚዝ አንጓችን አልለቅ አለ።

እንፋሎት የሚፈላበት ቦይለር ጋ፣ ጠባቂው ጋሽ ድንበሩ ባልዲ ደፍተው ተቀምጠዋል። ኮሌታሽን ጥለሽ ልትጎበኚኝ መጣሽ? ብለው ቀለዱባት። ለምን ቆመ ጋሼ? ውሃ የለ። ውሃውስ? የቧንቧው መዝጊያ የሚዞርበት መፍቻ የለ።

መፍቻ ቧንቧ አልከፍት አለ፣ ቧንቧ ለቦይለር ውሃ አልሰጥ አለ፣ ቦይለር እንፋሎት አልልክ አለ፣ እንፋሎት ካውያ አላሞቅ አለ፣ ካውያ ኮሌታ አልተኩስ አለ፣ ሸሚዝ አንጓችን አልለቅ አለ።

ዕቃ ግምጃ ቤት ስትገባ ዕቃ ጠባቂው አቶ ሙላት በጉልበታቸው ተንበርክከው ካርቶን ይበረብራሉ።

«መፍቻው ለምን ጠፋ?»

«እንዳይጠፋ ደብቄው።»

«የት?»

«እሱ ነው የጠፋኝ።»

አምና አንድ መፍቻ ስለጠፋባቸው፣ ማታ ማታ አዲስ መደበቂያ ይፈልጉለታል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መደበቂያውን። አብረው ሲያምሱ ቆይተው እኩለ ቀን ላይ ከአሮጌ ቦት ጫማ ውስጥ ተገኘ። ለዚያን ቀን ሰርቪስ አልደረሰም።

አንጓች ግን መፍቻውን ቦይለሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ ሣለችው። ሚስማር መታች፤ ሰቀለችው።

«ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ? ነገ የለም በይኝ» አሉ አቶ ሙላት።

«ከሌለ ግድግዳው ራሱ ይናገራል።»

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ሊያይ መጣ። መፍቻው ሥዕሉን ሞልቶ ተሰቅሏል። አቶ ሙላት ጠጋ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ የሚተን መስሏቸው ይሆናል።

መፍቻ ቧንቧ ከፈተ፣ ቧንቧ ለቦይለር ውሃ ሰጠ፣ ቦይለር እንፋሎት ላከ፤ አንጓች ወንበሯ ላይ ሳለች ከአናቷ በላይ ቱቦው ሲያፏጭ ሰማችና እጇ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። በአንድ ሚስማርና በአንዲት ጠመኔ! እንፋሎት ካውያ አሞቀ፣ ካውያ ኮሌታ ተኮሰ፣ ሸሚዝ አንጓችን ለቀቀ። ሰርቪሱ ሞተር ሳያስነሣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

ልጁን ዓይኑ እንደ ፈጠጠ አገኘችው። ጠባ፣ ጠባና፣ ጡቷን እንደያዘ ተኛ።

ወሬዬ ይኸው ነው፤ የሰማችሁ በደኅና ግቡ፣ መፍቻ የያዛችሁ ግን ቦታው ሰቅላችሁ ሂዱ።