ጫማ የሞላበት የሠርግ ቪዲዮ

ቅረቡማ፣ ቅረቡ! ጆሯችሁን አምጡ! «አምጥተናል» በሉኝ። ጎሽ!

ውቢት የምትባል ሙሽራ ነበረች። በሠርጓ ዕለት አባቷ ጋሽ ደምሰው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አሁን ቤት ገብተዋል፤ ከአልጋ ግን አልወረዱም። «ልጄ፣ በሠርግሽ ላይ ሽማግሌው ሲመርቁሽ ልይ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሏት። ቪዲዮውማ አለ! የቀረጸችው አክስቷ ናት። ታዲያ አክስት ሆዬ፣ ሽማግሌው አንድ ቃል በመረቁ ቁጥር እልል ብላ ትጨፍራለች፣ ስልኩም ቁልቁል ይዞራል! አንድ ቃል ምርቃት፣ ከዚያ ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ። ጋሽ ደምሰውን መድኃኒቱ ያደክማቸዋል፤ ምርቃቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

ውቢት ላፕቶፗ ላይ የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም ከፈተች። «በል፣ ጫማውን ቁረጥልኝ!» ፕሮግራሙ ያን ሁሉ ቁልፍ ደርድሮ ዝም። ኢንተርኔት ላይ ትምህርት ፈለገች፤ ሁሉም «እንደምታውቁት» እያለ ከመሃል ይጀምራል። «ኧረ እኔ አላውቅም!» ብላ ጮኸች።

ሮጠች ወደ ጎረቤቷ ወደ ናሆም፤ የዘፈን ክሊፕ ኤዲተር ነው። «ናሆምዬ፣ ከሀ ጀምረህ አሳየኝ! ፕሮግራሙ አልቆርጥም አለ፤ ጫማው ካልተቆረጠ አባዬ ምርቃቱን አያይም!»

«ውይ፣ ለጀማሪ ጊዜ የለኝም! ዘፋኙ ምንተስኖት ክሊፑ ሳያልቅ አይለቀኝም» አላት።

ሮጠች ወደ ምንተስኖት። «ናሆምን ልቀቀው! ናሆም አላሳይም አለ፤ ፕሮግራሙ አልቆርጥም አለ፤ ጫማው ካልተቆረጠ አባዬ ምርቃቱን አያይም!»

«ምን ላድርግ እህቴ? ተወዛዋዧ ረድኤት አልጨፍርም ብላ ክሊፔ ቆሟል።»

ሮጠች ወደ ረድኤት። «ረድኤትዬ፣ ጨፍሪ! ምንተስኖት አልለቅም አለ፤ ናሆም አላሳይም አለ፤ ፕሮግራሙ አልቆርጥም አለ፤ ጫማው ካልተቆረጠ አባዬ ምርቃቱን አያይም!»

«በምን ልብሴ? ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዝናሽ ቀሚሴን አልሰፋም አሉ።»

ሮጠች፣ እያለከለከች፣ ወደ እትዬ ዝናሽ። «እትዬ፣ ይስፉ! ረድኤት አልጨፍርም አለች፤ ምንተስኖት አልለቅም አለ፤ ናሆም አላሳይም አለ፤ ፕሮግራሙ አልቆርጥም አለ፤ ጫማው ካልተቆረጠ አባዬ ምርቃቱን አያይም!»

እትዬ ዝናሽ ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል። «መቼ ጠላሁ የኔ ልጅ? የቀሚሶቼን ቪዲዮ ቆርጬ ለደንበኛ ላሳይ ብዬ ይኸው ስነካካ ዋልኩ። መጀመሪያ የቱ እንደሚነካ የሚያሳየኝ ካላገኘሁ መርፌ አልይዝም!»

ውቢት ቆም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ! በረረች እላችኋለሁ!

«ናሆም! አንተን የያዘህ ምንተስኖት፣ ምንተስኖትን የያዘችው ረድኤት፣ ረድኤትን የያዟት እትዬ ዝናሽ፣ እትዬ ዝናሽን የያዛቸው ደግሞ አንተ እምቢ ያልከው የጀማሪ ትምህርት ነው!»

ናሆም ጭንቅላቱን ያዘ። «እኔው ነኛ!» ተከትሏት ወደ እትዬ ዝናሽ ሮጠ፤ በሁለቱ ሴቶች መሃል ተቀመጠ። «እንደምታውቁት...» ሲል እትዬ ዝናሽ ማስመሪያቸውን አነሱበት። «እሺ፣ እሺ! ቪዲዮውን ጎትታችሁ እዚህ ታች አስቀምጡ። እዚህ ጋ ቁረጡ፣ እዚህም ቁረጡ። መሃሉን አጥፉ። አለቀ!»

«ይኸው ነው?» ጮኹ ሁለቱም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! እትዬ ዝናሽ ሰፉ፤ ረድኤት ጨፈረች፤ ምንተስኖት ለቀቀ፤ ናሆም እፎይ አለ፤ ፕሮግራሙም በውቢት እጅ ጫማውን ቆረጠ፣ ቆረጠ፣ ቆረጠ!

ውቢት ላፕቶፑን አባቷ አልጋ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። ጋሽ ደምሰው ዓይናቸው ቁልጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ከትራሳቸው ቀና ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አሜን!» አሉ። «አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ባልሽን ጥሪው፤ ነይ ልጄ፣ እኔ አባትሽ ልመርቅሽ።»

እናንተም አሜን በሉ!